ሐዋሳ ውስጥ ጽሑፌን ከልቡ የሚያነብልኝ የጸሐፊዎች ቡድን የት ላግኝ?

የታቦሯ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፤ አጫጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ጓደኞቼ «ጎበዝ፣ በርቺ» ብለው ያልፋሉ እንጂ የቱ ጋ እንደሚሰለች የሚነግረኝ የለም። እርስ በርስ የሚተራረሙ ጸሐፊዎች የት ይገኛሉ? ከሌሉስ እንዴት ይጀመራል? ማታ መውጣት አይመቸኝም።

ብራና፦ እህቴ፣ የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ መቀመጫው ግን አዲስ አበባ ነው። አንቺን የሚጠቅሙሽ በየሁለት ሳምንቱ ፊት ለፊት የምታገኚያቸው አራት ሰዎች ናቸው። ማስታወቂያ አትለጥፊ፤ የራሱን ማስነበብ የሚፈልግ ይጎርፍልሻል፣ የሌላውን የሚያነብ ግን አይመጣም። የመጽሐፍ ምረቃ ሲኖር ሂጂና መድረክ ላይ ካሉት ይልቅ ከታች ሆነው ጥሩ ጥያቄ የሚጠይቁትን አነጋግሪ። የአማርኛ መምህራንና የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የሚመሩ ሰዎችም ማን እንደሚጽፍ ያውቃሉ። መጽሐፍ ሻጮችንም ጠይቂ፤ አጭር ልብ ወለድ ፈልጎ የሚመጣውን ደንበኛ ይለዩታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎበዞች ናቸው፣ ግን ክረምት ሲመጣ ስለሚበተኑ ቡድኑ በእነሱ ብቻ አይቁም።

እርሳስ፦ ብራና ያለው ልክ ነው። ስለ አካሄዱ እኔ ልጨምር። አምስት ሰው ይበቃል፣ ከሰባት አይብለጥ። በአንድ ቀን ሁለት ሰው ብቻ ያቅርብ፤ እያንዳንዱ ቢበዛ አምስት ገጽ፣ ከአራት ቀን በፊት ተልኮ። ለአንድ ጽሑፍ 40 ደቂቃ ያዙ። አምስት ከሆናችሁና በየሁለት ሳምንቱ ከተገናኛችሁ ተራ በአምስት ሳምንት ይደርሳል፤ ለማረም በቂ ጊዜ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ካፌው ሁሉ የእንግሊዝ ኳስ ይከፍታል፤ ሐይቁ ዳር ደግሞ ነፋሱ ወረቀት አያስይዝም።

ዋናው ነገር አስተያየቱ ነው። «ቆንጆ ነው» ወይም «አልወደድኩትም» አይጠቅምም። እንዲህ በሉ፦ «ገጽ 2 ላይ አልማዝ በሩን ስትከፍት ሌሊት ነበር፤ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ፀሐይ ፊቷን መታት ይላል፤ እዚያ ጋ ጠፋሁ።» እንዴት እንደሚስተካከል መንገር ግዴታ አይደለም፤ የጠፋችሁበትን ቦታ ማሳየት ይበቃል። ጸሐፊው ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ዝም ይበል። መሀል ላይ «እኔ ለማለት የፈለግሁት» ካለ አንባቢው በትህትና ያነበበውን ይተውና የተነገረውን ይቀበላል።

ስንኝ፦ ለልብ ወለድ እስማማለሁ፤ ለግጥም ግን አስቀድሞ መላክ ብቻ አይበቃም። ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ያውም በሌላ ሰው። ገጣሚው ራሱ ሲያነብ የጎደለውን ቀለም (የስንኙን የድምፅ ምጣኔ) በድምፁ ይሞላዋል። ሌላው ሲያነብ የሚደናቀፍበት ስንኝ ምቱ የተሰበረው ነው፤ እዚያው በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

ፋይል ስትላላኩም ተጠንቀቁ። በድሮው የኮምፒውተር መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ስልክ ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይከፈታል። ከመጀመሪያው በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር በሚነበበው በዩኒኮድ ጻፉ፤ ፎንቱ ኒያላም አቢሲኒካም ይሆናል።

የታቦሯ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ስጋት አለኝ፤ ያልታተመ ጽሑፌን ሰው ቢወስድብኝስ?

ብራና፦ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ሥራ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ጀምሮ ጥበቃ አለው፤ ምዝገባ አይጠይቅም። የሚጠበቀው ግን የጻፍሽው ነው እንጂ ሐሳቡ ብቻውን አይደለም። ረቂቁን በቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላኪ፣ የተላከበት ቀን ይቀመጥልሻል። ግሩፑ ላይ ማስተላለፍና ማስቀመጥ የሚከለክለውን ማስተካከያ ክፈቺ፤ በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሳትን ግን አይከለክልም። ስለዚህ አዲስ ሰው መጀመሪያ ሁለት ጊዜ የሌሎችን አንብቦ አስተያየት ይስጥ፣ ከዚያ በኋላ ግሩፑ ውስጥ ይግባ።

እርሳስ፦ ሐዋሳ ላይ በሲዳምኛ የሚጽፍም ይመጣል። ደስ ይላል፤ ግን ቋንቋውን አጥርተው የሚያነቡ ቢያንስ ሁለት አባላት ይኑሩ፣ አለዚያ እሱ ለሁሉም እያነበበ ለእሱ የሚያነብለት ያጣል። ሳያነብ ሁለቴ የመጣ ሰው ደግሞ ተራው ይለፈው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩበት፤ ከተዋወቃችሁ በኋላ ይሉኝታው አያናግራችሁም።