ቲኬቴ ላይ «ሳንቶስ ዱሞንት» ይላል፣ ሪዮ ማለት ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ በሚቀጥለው ወር በአየር መንገዳችን ከቦሌ ሳኦ ፓውሎ ገብቼ ከዛ ሪዮ ዴ ጃኔይሮ መሄድ አለብኝ፣ የውስጥ በረራውን ርካሽ አግኝቼ ለብቻው ቆረጥኩት፣ አሁን ሳየው መነሻ «ኮንጎኛስ» መድረሻ «ሳንቶስ ዱሞንት» ይላል፣ እኔ የማውቀው የሪዮ ኤርፖርት ጋሌያዎን ነው። ተሸወድኩ እንዴ? በመሀል 3 ሰዓት ተኩል አለኝ

መንገደኛው፦ መድረሻህ ሪዮ ነው አትስጋ፣ ሳንቶስ ዱሞንት መሀል ከተማ ባህሩ ጠርዝ ላይ ያለው የአገር ውስጥ በረራ ኤርፖርት ነው። ጉዱ መነሻህ ላይ ነው ወንድሜ! ከአዲስ የሚመጣው ጓሩሎስ ነው የሚያርፈው፣ ኮንጎኛስ ሌላ ኤርፖርት ነው፣ በመሀላቸው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አለ፣ የሳኦ ፓውሎ መንገድ ሲዘጋጋ ደግሞ መገናኛን ያስመሰግናል። ኢሚግሬሽን ትሰለፋለህ፣ ሻንጣህን እዛው ተቀብለህ ጉምሩክ ታልፋለህ፣ ከዛ ታክሲ... እኔ አልሞክረውም

ሻንጣ በጀርባ፦ ደሞ ሁለቱን ለየብቻ ስለቆረጥክ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅህም፣ ብሩም ተበልቶ ይቀራል። ቅጣቱን ከፍለህ መነሻውን ጓሩሎስ አድርገው፣ ጋሌያዎን ቢያሳርፍህም ግድ የለም

ጠያቂ፦ ኧረ ተባረኩ፣ ሳንቶስ ዱሞንት ግን የቅዱስ ስም ነው?

የድሮ ቴክኒሻን፦ ሃሃ አይደለም፣ አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞንት የሚባል ብራዚላዊ ነው። በ1901 በሞተር ባሉን የኤፍል ታወርን ዞሮ የተሸለመ፣ በ1906 ደግሞ እዛው ፓሪስ ሰው እያየ «14 ቢስ» የምትባል አውሮፕላኑን 220 ሜትር ያበረረ (ዘመኑ የፈረንጅ ነው)። እዛ ስትደርስ ቀድመው የበረሩት ራይት ወንድማማቾች ናቸው ብለህ እንዳትከራከር፣ እራት ሳትበላ ታድራለህ። የ1903ቱ በረራ የነሱ ነው ብዬ አንድ ብራዚላዊ የስራ ባልደረባዬ ሳምንት አኩርፎኛል

መንገደኛው፦ አንዴ ግን በሳንቶስ ዱሞንት ሂድበት። ማኮብኮቢያው 1,323 ሜትር ነው፣ የቦሌ ረጅሙ 3,800፣ ስታርፍ ፍሬኑ ወደፊት ይገፈትርሃል፣ የተለመደ ነው አትደንግጥ። መስኮት ያዝ፣ ሹገርሎፍ ተራራ ይታይሃል። ከተርሚናሉ ስትወጣ ባቡሩ፣ የኛ ቀላል ባቡር አይነት፣ መሀል ከተማ ይወስድሃል

ጠያቂ፦ ቀየርኩት! መሄጃዬ ከጓሩሎስ ጋሌያዎን ሆነ፣ ስመለስ ሳኦ ፓውሎ አንድ ቀን ስለማድር መመለሻዬን ከሳንቶስ ዱሞንት ኮንጎኛስ አደረኩት፣ መስኮትም ይዣለሁ