ከያሂሞቭ የመጣ አረንጓዴ የዩራኒየም ሰልፌት፦ እንዴት ልለየው፣ እንዴትስ ላስቀምጠው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በቼክ ሪፐብሊክ ጂኦሎጂ እያጠናሁ ሲሆን፣ በትምህርት ክፍላችን መጋዘን የሚገኙትን አሮጌ የማዕድን ናሙናዎች እንድመዘግብ ተመድቤአለሁ። ከእነዚህ መካከል «ዮሃኒት፣ ያሂሞቭ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት (ያሂሞቭ በዚሁ አገር የሚገኝ የማዕድን ማውጫ ከተማ ነው)፣ ጥቁር ዓለት ላይ የተጋገረ ደማቅ አረንጓዴ ማዕድን ይገኛል። የጋይገር ቆጣሪ (የጨረራ መለኪያ) ሲጠጋው በፍጥነት ይጮኻል። የተለጠፈው ስም ትክክል መሆኑን ናሙናውን ሳልጎዳ ማረጋገጥ የምችለው እንዴት ነው? አቧራውን በውሃ ማጠብስ ይቻላል? ከሌሎች ናሙናዎች ጋር በአንድ ቁም ሣጥን ቢቀመጥ ጉዳት ይኖረው ይሆን?

አንደኛ መላሽ፦
እባክዎ ውሃ አያስነኩት። ዮሃኒት የመዳብና የዩራኒል (ዩራኒየም ከኦክስጅን ጋር የተጣመረበት ክፍል) ሰልፌት ሲሆን፣ በውስጡ ስምንት የውሃ ሞለኪውሎችን ይዟል፤ ውሃም ያሟሟዋል። ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ዩራኒየም ነው። በድሮ መጻሕፍት ጣዕሙ መራራ እንደሆነ ተጽፎ ቢያገኙም፣ በዚያ መንገድ ለመለየት ፈጽሞ አይሞክሩ። ጥንካሬው በሞስ መለኪያ ከ2 እስከ 2.5 ብቻ ስለሆነ በጥፍርም ቢሆን መጫር አያስፈልግም።

ቦታው አጠራጣሪ አይደለም። የማዕድን ተመራማሪው ሃይዲንገር ማዕድኑን እ.ኤ.አ. በ1830 የገለጸው ከዚያው ከያሂሞቭ በተገኘ ናሙና ነው፤ ስሙንም የሰጠው በኦስትሪያው አርክዱክ ዮሃን ነው። ቆፋሪዎች መሿለኪያ ሲከፍቱ፣ በዓለቱ ውስጥ ተቀብረው የነበሩት ፒችብሌንድ (ጥቁር የዩራኒየም ማዕድን) እንዲሁም የብረትና የመዳብ ሰልፋይዶች (ከሰልፈር ጋር የተዋሃዱ ማዕድናት) ከአየርና ከእርጥበት ጋር ይገናኛሉ፤ ሰልፋይዶቹ ሲበሰብሱ የሚፈጠረው የሰልፈሪክ አሲድ ዩራኒየሙንና መዳቡን ያሟሟል፤ ውሃው በግድግዳው ላይ ሲተን ደግሞ ዮሃኒትና ዘመዶቹ ይጋገራሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ቅርፊቶች ከማዕድን ማውጫው ራሱ ያነሰ ዕድሜ አላቸው።

ሁለተኛ መላሽ፦
ቦታው ተስማሚ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቶርበርናይትም አረንጓዴ ነው፤ መዳብና ዩራኒየምም አለው፤ ነገር ግን ፎስፌት ነው፤ ክሪስታሎቹም ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን ያላቸው ቀጫጭን ሰሌዳዎች ናቸው። ብሮካንታይት ደግሞ ዩራኒየም የሌለው አረንጓዴ የመዳብ ሰልፌት ሲሆን፣ ፒችብሌንድ ላይ ከተቀመጠ ቆጣሪው ከሥሩ ባለው ዓለት ምክንያት ይጮኻል። ስለዚህ የቆጣሪው ጩኸት አረንጓዴው ማዕድን ዮሃኒት መሆኑን አያረጋግጥም።

የአልትራቫዮሌት መብራትም ብዙ አይረዳም፤ መዳቡ ብርሃን መስጠትን ስለሚያፍን ዮሃኒት አይበራም፤ ቶርበርናይትም እንዲሁ። አጠገቡ ያለ ቢጫ ቅርፊት ቢበራ ግን ዚፔይት ወይም ዩራኖፒላይት የመሆን ዕድል አለው፤ እነዚህ የዩራኒል ሰልፌቶች ከዮሃኒት ጋር መገኘት ስለሚወዱ ግምትዎን ያጠናክርልዎታል። እኔ የምመክርዎ ራማን ስፔክትሮስኮፒን (ሌዘር አብርቶ ከናሙናው በሚበተነው ብርሃን ማዕድኑን የሚለይ ዘዴ) ነው፤ የሌዘር ጨረሩ ዝቅተኛ ኃይል እስከሆነ ድረስ ናሙናውን ሳይጎዳ ሰልፌትን ከፎስፌት ይለያል።

ሦስተኛ መላሽ፦
ስለ አቀማመጡ ልጨምር። ዩራኒየም-238 በመጀመሪያ ቶሪየም-234ን ይወልዳል፤ የዚህ ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ለመለወጥ የሚፈጅበት ጊዜ) 24 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ አዲስ የተጋገረ ቅርፊት እንኳ በጥቂት ወራት ውስጥ የቤታ ጨረር ማውጣት ይጀምራል። ወደ ራዲየም ለመድረስ ግን ግማሽ ዕድሜው 75,000 ዓመት ገደማ በሆነው በቶሪየም-230 በኩል ማለፍ ግድ ነው፤ በዚህም የተነሳ ወጣት ዮሃኒት ከራሱ ዩራኒየም የተወለደ ራዲየም የለውም ማለት ይቻላል። ሊያሳስብዎ የሚገባው ጥቁሩ ዓለት ነው። ፒችብሌንድ ከሆነ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ያከማቸው ራዲየም ሳያቋርጥ የራዶን ጋዝ ያወጣል፤ ሳይንቲስቶቹ ማሪና ፒየር ኪዩሪም ራዲየምን የለዩት ከዚያው አካባቢ ማዕድን ቅሪት ነው።

ስለዚህ ናሙናውን ክዳን ባለው ግልጽ ሣጥን ውስጥ አድርገው፣ ከፀሐይና ከማሞቂያ ርቆ አየር በሚዘዋወርበት ቁም ሣጥን ያስቀምጡት። አቧራውን በብሩሽም አይንኩት፤ የማዕድኑ ብናኝ ሊኖርበት ይችላል፤ የሚሟሟ ዩራኒየም ወደ ሰውነት ከገባ ደግሞ ከጨረሩ ይልቅ ኩላሊትን በመመረዝ ይጎዳል። ጓንት ያድርጉ፤ የሣጥኑን ውጭ ብቻ በእርጥብ ወረቀት ይጥረጉ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ራማን መሣሪያ ያለው ጓደኛዬ በሌላ ከተማ ነው፤ የተፈረፈረ ቅንጣት በፖስታ ብልክለትስ?

ሁለተኛ መላሽ፦
በፖስታ አይላኩ። የጨረራ ቁሶች ማጓጓዝ የራሱ ሕግ ስላለው፣ አስቀድመው የዩኒቨርሲቲዎን የጨረራ ጥበቃ ኃላፊ ያነጋግሩ፤ ምናልባትም በዚያው ግቢ በኬሚስትሪ ክፍል መሣሪያው ሊኖር ይችላል። የሚመዘግቡትም ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ «ዮሃኒት (ያልተረጋገጠ)» በሚል ይሁን፤ አሮጌውንም ጽሑፍ ከናሙናው ጋር ያቆዩት።