የዓሣ ዘይት እንክብል በባዶ ሆድ ሲዋጥ ምን ያህሉ ወደ ሰውነት ይገባል?

ጠያቂ፦ ንጋት
ሰላም ለሁላችሁ። በየማለዳው አንድ የዓሣ ዘይት እንክብል በባዶ ሆዴ በውኃ ብቻ እውጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ረፋድ ድረስ ዓሣ ዓሣ የሚል ግሳት ያስቸግረኛል። በጠርሙሱ ፊት ለፊት በትልቁ «1000 ሚሊግራም» የሚል አለ፤ ከጀርባው ግን በደቃቅ ፊደል ኢፒኤ 180 ሚሊግራም፣ ዲኤችኤ 120 ሚሊግራም (ሁለቱም ኦሜጋ 3 የሚባሉት ቅባቶች ናቸው)፣ ዓይነቱም ኤቲል ኤስተር መሆኑ ተጽፏል። ሻጩ «የክሪል ዘይት (ክሪል ከተባለ ሽሪምፕ መሰል ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚገኘው) በብዙ እጥፍ ይሻላል» ብሎኛል። ዘይቱን ልቀይር ወይስ አወሳሰዴን? እናቴም ልትጀምር ታስባለች፤ የእርሷ የሐሞት ከረጢት ግን በቀዶ ሕክምና ወጥቷል።

መልስ፦ ቀማሚ
ዘይቱን ከመቀየርዎ በፊት አወሳሰድዎን ይቀይሩ። ዘይት ከውኃ ጋር ስለማይዋሐድ አንጀት እንዳለ ሊመጠው አይችልም። ስብ ያለበት ምግብ ትንሹ አንጀት ሲደርስ የሐሞት ከረጢት ተኮማትሮ ሐሞት ይለቃል፤ ቆሽትም ስብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ይልካል። ሐሞቱ ዘይቱን ወደ ደቃቅ ጠብታዎች ሲበትነው ኢንዛይሞቹ ይቆራርጡታል፤ ቁርጥራጮቹም በአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ውስጥ እንደገና ተገጣጥመው መጀመሪያ በሊምፍ ቱቦዎች፣ ከዚያም በደም ይጓዛሉ። በውኃ ብቻ የተዋጠ አንድ እንክብል ይህን ሁሉ ሥራ በሚገባ ለማስጀመር ዐቅሙ አነስተኛ ነው።

የእርስዎ ዓይነት፣ ማለትም ኤቲል ኤስተር (በፋብሪካ ቅባቱ ከአልኮል ጋር የተያያዘበት መልክ)፣ በዚህ ረገድ ከሁሉም ይበልጥ ምግብ ይፈልጋል፤ የቆሽት ኢንዛይሞች ከተፈጥሯዊው ትራይግሊሰራይድ (ቅባቱ በዓሣው ውስጥ ከሚገኝበት መልክ) ይልቅ እርሱን እጅግ ቀስ ብለው ነውና የሚቆርጡት። በ1988 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የታተመ አንድ ጥናት ከኤቲል ኤስተር የሚገኘው ኢፒኤ ስብ ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ አወሳሰዱ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ እንዳደገ አሳይቷል። ስለዚህ እንክብሉን በቀኑ ውስጥ ስብ በሚበዛበት ማዕድ መካከል ይዋጡት፤ እንቁላል ወይም የተወሰነ ዘይት ያለበት ምግብ ከሆነ ደግሞ መልካም ነው። በምግብ መካከል ሲወሰድ ግሳቱም አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል።

መልስ፦ መለያ አንባቢ
በቀማሚ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የዘይቱ ዓይነት ፈጽሞ ለውጥ የለውም ማለት አይደለም። በ2010 በታተመና ለሁለት ሳምንታት በተካሄደ ንጽጽር፣ የተፈጥሮ የዓሣ ዘይት 100 ቢባል፣ ተጣርቶ ወደ ትራይግሊሰራይድነት የተመለሰው ዘይት 124፣ ኤቲል ኤስተሩ ደግሞ 73 አካባቢ ሆነው ተገኝተዋል። ልዩነቱ አለ፤ ሻጩ እንዳሉት ግን «በብዙ እጥፍ» አይደለም።

የክሪል ዘይትን በተመለከተ፣ ከኦሜጋ 3ቱ አብዛኛው በፎስፎሊፒድ (ፎስፈረስ ባለበት የቅባት ዓይነት) መልክ ስለሚገኝ በቀላሉ ይመጠጣል ይባላል፤ የጥናቶቹ ውጤት ግን እርስ በርሱ አይስማማም። አንድ የክሪል እንክብል የሚይዘው የኢፒኤና የዲኤችኤ መጠንም ብዙውን ጊዜ ከዓሣ ዘይቱ ያነሰ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምመለከተው ከጀርባ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ነው፤ የእርስዎ 180 እና 120 ሲደመሩ 300 ይሆናሉ፤ ከ1000 ሚሊግራም ዘይት ውስጥ ለዓላማዎ የሚውለው ያ ብቻ ነው።

መልስ፦ ጥርጣሬ
በሁለት ሳምንት ውጤት ብዙ እንዳንመካ አሳስባለሁ። በደም ውስጥ የሚለካው የአንድ ሰሞን ከፍታ አንድ ነገር ነው፤ ለወራት ከተወሰደ በኋላ በቀይ የደም ሕዋሳት ሽፋን ውስጥ የሚጠራቀመው ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሕዋሳት ወደ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖሩ፣ በሽፋናቸው ውስጥ ያለውን የኢፒኤና የዲኤችኤ ድርሻ የሚለካውን «ኦሜጋ 3 ኢንዴክስ» የተባለ ምርመራ ማድረግ የሚችል ሰው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ቢለካ የራሱን ውጤት ያገኛል። ያኔ ሻጭም ሆነ እኛ የምንለው አያስፈልገውም።

ጠያቂ፦ ንጋት
ከልብ አመሰግናለሁ። ከነገ ጀምሮ ከምሳ ጋር አደርገዋለሁ። የእናቴን ጉዳይስ?

መልስ፦ ቀማሚ
የሐሞት ከረጢት ማከማቻ እንጂ የሐሞት ምንጭ አይደለም፤ ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። ስለዚህ እናትዎ ስብ መምጠጥ ይችላሉ፤ ሆኖም ሐሞቱ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ከመለቀቅ ይልቅ ቀስ እያለ ያለማቋረጥ ስለሚፈስስ፣ ዕለታዊውን መጠን ከፍለው ከተለያዩ ምግቦች ጋር ቢወስዱት የተሻለ ይስማማቸዋል። ይበልጥ የሚያሳስበው የቆሽት ኢንዛይም ማነስ ነው፤ እንዲሁም የስብ መመጠጥን የሚያግደው ኦርሊስታት ወይም ሐሞትን የሚይዘው ኮሌስቲራሚን የሚወሰድ ከሆነ ከዘይቱ የተወሰነው ክፍል ሳይመጠጥ ሊያልፍ ይችላል። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ አልያም የልብ ምት መዛባት ካለባቸው፣ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጀምሩ፤ በቀን 4 ግራም ያህል በተሰጠባቸው ትልልቅ ጥናቶች የልብ ምት መዛባት ከፍ ብሎ ታይቷል።

መልስ፦ መለያ አንባቢ
አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእናትዎ ሲገዙ «የኮድ ጉበት ዘይት» ከሚለው ይለዩት። እርሱ ቫይታሚን «ኤ» ጭምር ስለሚይዝ መጠኑን እንደፈለጉ ማብዛት አይቻልም። ደግሞም ከጠርሙስዎ አንዱን እንክብል ቆርጠው ያሽትቱት፤ የሻገተ ቅባት ሽታ ካለው ኦክሳይድ ሆኗልና፣ ግሳትዎ በባዶ ሆድ ከመዋጥ ብቻ የመጣ ላይሆን ይችላል።

ጠያቂ፦ ንጋት
እንክብሉ አንጀት እስኪደርስ እንዳይሟሟ የተሸፈነ ነው ይላል። እርሱንም መቁረጥ ይቻላል?

መልስ፦ መለያ አንባቢ
ለማሽተት አንዱን ብቻ ቆርጠው ይጣሉት። የሚወስዱትን ግን ሳይቆርጡና ሳያኝኩ ሙሉውን ይዋጡ፤ ሽፋኑ ከተቀደደ ዘይቱ ጨጓራ ውስጥ ይፈስስና ግሳቱ ይመለሳል።