ጥቆማ፦ ሌላ ዲግሪ ላለው ሰው የሚያጥር ነርሲንግ፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይስ አሜሪካ?

የሐይቅ ዳር
ሰላም ጀማዐው። የባዮሎጂ ዲግሪ አለኝ፤ የ2010 ተመራቂ፣ ጂፒኤ 3.1። ወደ ነርሲንግ መዞር እፈልጋለሁ፤ እንደገና 4 ዓመት መቀመጡ ግን ከበደኝ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዲግሪ ላለው ሰው የሚያጥር ቦታ አለ? ሁለተኛ፣ የግሪን ካርድ ጉዳይ በቤተሰብ በኩል ተጀምሯል። እዚሁ ተመዝግቤ ልቆይ ወይስ አሜሪካ አለ የሚባለውን የ12 ወር ነርሲንግ ልጠብቅ? በሞቴ፣ የሚያውቅ ሰው ይመልስልኝ።

ጦሳ
ደሴ ጤና ሳይንስ። ሌላ ቦታ እንዳትሄጂ። አለቀ።

ዋርድ 3
እህቴ፣ የመጀመሪያውን ልመልስ። እዚህ አገር የነርሲንግ ዲግሪ 4 ዓመት ነው። በእጅሽ ያለው ዲግሪ የሚያግዝሽ በኤግዘምሽን (የተማርሽውን ኮርስ ደግመሽ እንዳትወስጂ በሚሰጥ ፈቃድ) ብቻ ነው፤ ኤግዘምሽን ደግሞ ዋርድ ውስጥ የምትቆሚውን ሰዓት አይነካም።

ያንቺ ጉዳይ ሲታይ፦ በ2010 ስለተመረቅሽ ፍሬሽማን (የጋራው የመጀመሪያ ዓመት) ከመመለሱ በፊት የገባሽ ነሽ። ስለዚህ እነ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ግሎባል ትሬንድስ ትራንስክሪፕትሽ ላይ የሉም። በ2012 የገባ የማኔጅመንት ልጅ በዚህ በኩል ካንቺ ይሻላል፤ አስቂኝ ነው፣ ግን እንደዚያ ነው። አንቺ የምትከራከሪው በእንግሊዝኛው፣ በስታትስቲክስ፣ በባዮኬሚስትሪና በማይክሮባዮሎጂ ነው። ማይክሮባዮሎጂው ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ አይያዝልሽም። ኮርስ አውትላይኑን ያዩታል፤ አፈርና ምግብ ላይ ያተኮረ ከሆነ ሜዲካል ማይክሮባዮሎጂን አይተካም። የእንስሳት ፊዚዮሎጂም የሰውን አይተካም።

የሚያስፈልግሽ፦ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (በእጅ የያዝሽው ኮፒ አይደለም፣ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር የሚላክ)፣ ለእያንዳንዱ ኮርስ በዲፓርትመንቱ ማህተም የተመታ አውትላይን፣ ካስፈለገም የኮስት ሸሪንግ ክሊራንስ። ብዙ ሰው የሚቆመው ይሄ መጨረሻው ላይ ነው፤ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ይዞ ዓመታት ይሠራና ኦፊሻል ሊያስልክ ሲሄድ «መጀመሪያ ወጪ መጋራትህን ጨርስ» ይባላል። ቀድመሽ ጨርሺ።

አሁን ደስ የማይለው። ኤግዘምሽን ተፈቅዶልሽም ጊዜው ላያጥር ይችላል። ኮርሶቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አናቶሚ ሳያልፉ ፋንዳሜንታል (መሠረታዊው የነርሲንግ ኮርስ) የለም፣ ፋንዳሜንታል ሳይኖር ሜዲካል ሰርጂካል የለም። ፋንዳሜንታል በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈት ከሆነ አምስት ኮርስ ቢያዝልሽም ተራሽን ትጠብቂያለሽ። ሴሚስተሩ ይቀልልሻል፣ ዓመቱ ግን ያው ነው።

ጦሳ
ደሴ ጤና ሳይንስ ይሄን ሁሉ ጣጣ አያበዛም።

ዋርድ 3
ጦሳ፣ የተጠየቀው «የሚያጥር የቱ ነው» ነው እንጂ «ጥሩ የቱ ነው» አይደለም።

ጦሳ
ጥሩው እያለ አጭሩ ምን ይሠራላታል?

ደረሰኝ ያዥ
«ለዲግሪ ባለቤቶች በ18 ወር፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ» የሚል ባነር ካያችሁ እግራችሁን አንሱ። እኔ የተመዘገብኩበት ኮሌጅ ፈቃድ ነበረው፤ ውሸት አይደለም። ፈቃዱ ግን የሌላ ከተማ ካምፓስ ነው። እኛ የተማርንበት ቅርንጫፍ ነርሲንግ እንዲያስተምር አልተፈቀደለትም። ለመውጫ ፈተና ስም ሲላክ የእኛ አልተላከም። ክፍያው አይመለስም፣ ክሬዲቱን ሌላ ኮሌጅ አይቀበልም። የቀረኝ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ቦርከና
የቱ ኮሌጅ ነው? ኮምቦልቻ ያለው ነው?

ሰኞ ገበያ
ስሙን ጻፊው እንጂ ሌላው እንዳይበላ።

ቦርከና
ባለ ሰማያዊ በሩ ከሆነ ያክስቴ ልጅ እዚያ ናት፣ ወላሂ ደነገጥኩ።

አወያይ
ስም አይጠራም። ያስጠነቀቀን ሰው ክስ ውስጥ አናስገባ። በሩ ሰማያዊ ይሁን ቀይ፣ ማጣሪያው ያው ነው፤ የሚያውቅ ካለ ማጣሪያውን ይጻፍ።

ዋርድ 3
እሺ፣ ማጣሪያው። ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተሰጠውን ደብዳቤ አሳዩኝ በሉ። ግድግዳ ላይ ያለውን ፍሬም አትመኑ፣ ቀርባችሁ አንብቡት። የፕሮግራሙ ስም «ነርሲንግ» ይላል ወይስ «ጤና መኮንን»? ዲግሪ ይላል? የካምፓሱ ከተማ የት ነው? መደበኛ ነው ወይስ ኤክስቴንሽን? መቼ ያበቃል? ፈቃድ የሚሰጠው ለፕሮግራም፣ ለካምፓስና ለአሰጣጥ ዘዴ በየራሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተፈቀደ ደሴ ላይ አይሠራም፤ ለመደበኛ የተፈቀደም ለማታ አይሆንም። ከዚያ ኮሌጁ በባለሥልጣኑ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ለብቻው አጣሩ፤ ደብዳቤ ኮፒ ሲደረግ ዓመተ ምሕረቱ ሊቀየር ይችላል።

ሰው የሚረሳው ሁለተኛው ማጣሪያ ሆስፒታሉ ነው። ኮሌጁ ልጆቹን የት እንደሚያወጣ ጠይቁና እዚያው ሂዱ፤ ማትሮኗን (የነርሶቹን ኃላፊ) «ከዚህ ኮሌጅ ተማሪ ይመጣል? በሳምንት ስንት ቀን? አብሮ የሚመጣ አስተማሪ አለ?» በሏት። ተማሪ የሚልክ ኮሌጅ ሁሉ ዋርድ ውስጥ ይታወቃል። አንድ አልጋ ከበው አሥራ አምስት ሆነው ከቆሙ፣ ካቴተር ማስገባትን የሚማሩት ከፊት ያሉት ሁለቱ ናቸው።

ሦስተኛ፣ አምና ስንት ልጅ ለመውጫ ፈተና አስቀመጡ፣ ስንቱስ 50 አለፈ? ፈተናው ከ2015 ጀምሮ አለ፤ «ውጤቱ ገና አልመጣም» የሚል ኮሌጅ የሚደብቀው ነገር አለ። ጤና ላይ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ፈተናው ከ2011 ጀምሮ ለብቻው አለ፤ አንዱን ማለፍ ሌላውን አያስቀርም።

ጦሳ
ደሴ ጤና ሳይንስ ብትጠይቁ ማትሮኗ ራሷ የዚያው ልጅ ናት።

ሸዋ በር
ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚማር ነርስ ጥሩ ነው። በሽተኛውም ቅዳሜና እሁድ ብቻ ታሞ ቢተባበር።

የሐይቅ ዳር
😅 እሺ ሸዋ በር። ግን ማስታወቂያው ላይ «አክሰለሬትድ» ይላል እኮ።

ሸዋ በር
የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስም አክሰለሬትድ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርደው ግን አንድ በአንድ ነው።

እስቲ አንዱን ልጠይቅሽ፣ ካወቅሽው ዝም እላለሁ። 1000 ሚሊ ፈሳሽ በ8 ሰዓት ይግባ ተብሏል፤ የፈሳሹ ቱቦ (ሴት የሚሉት) በሚሊ 20 ጠብታ ነው። በደቂቃ ስንት?

የሐይቅ ዳር
1000 ለ480 ደቂቃ፣ ሲባዛ 20… 41.6፣ ማለትም 42።

ሸዋ በር
ዝም ብያለሁ።

ሐምቡርግ
ሰው ሁሉ አሜሪካ አሜሪካ። ጀርመን ሂጂ! አውስቢልዱንግ (እየሠሩ የሚማሩት የሙያ ሥልጠና) 3 ዓመት ነው፤ 2100 ሰዓት ትምህርት፣ 2500 ሰዓት ሥራ ላይ፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከፈልሻል። ጀርመንኛ ቢያንስ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ)፣ ብዙው ቦታ ቢ2 ይጠይቃል። ቋንቋውን እዚያው ደሴ ሆነሽ ጀምሪ።

ቦርከና
የጠየቀችው አጭር ነው፣ ቤተሰቧም ያለው አሜሪካ ነው።

ሐምቡርግ
አብሽሩ፣ ሐሳብ ነው ያቀረብኩት።

ሚኒሶታ ወሎዬ
ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ረጅም ነው፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

የ12 ወሩ አለ። ሌላ ዲግሪ ላለው ሰው የተሠራ ኤቢኤስኤን ነው፤ ከ11 እስከ 18 ወር ይፈጃል። 12 ወር የሚባለው ግን ከመግቢያው በኋላ ያለው ነው። ከመግቢያው በፊት ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ) አለ፦ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ 1 እና 2 ከነላቡ፣ ማይክሮባዮሎጂ ከነላቡ፣ ስታትስቲክስ፣ ሥነ ምግብ፣ የሰው ዕድገት ሳይኮሎጂ፣ አንዳንዱ ቦታ ኬሚስትሪ። ባዮሎጂ ተምሬያለሁ ብለሽ እንዳትዘናጊ። ብዙ ትምህርት ቤት የሳይንስ ኮርስ ከ5 ወይም ከ7 ዓመት በላይ ከሆነው አይቀበልም። የኛ 2010 በፈረንጅ 2018 ነው፤ ቁጠሪው። ስለዚህ አንድ ዓመት ገደማ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብተሽ መልሰሽ ትወስጃቸዋለሽ። ከዚያ ቴስ ወይም ሄሲ የሚባል የመግቢያ ፈተና አለ፤ ቴስ 170 ጥያቄ ነው፣ 209 ደቂቃ። ያገርሽ ትራንስክሪፕት በኮርስ በኮርስ ይገመገማል፤ ብዙው ቦታ ጂፒኤ 3.0 ይፈልጋል፣ ያንቺ 3.1 ጠርዝ ላይ ናት፣ ግን ሲገመገም ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሄድ ይችላል።

ገንዘቡ ላይ ብዙ ወሎዬ ይሳሳታል። ግሪን ካርድ ካለሽ የመንግሥት የትምህርት ብድር ታገኛለሽ። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለሰው ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ነው። የባዮሎጂ ዲግሪሽ እዚህ ጋር ይጎዳሻል። ደብቄ ልመዝገብ እንዳትይ፣ ሐሰተኛ መረጃ ነው፣ ይዞሽ ይጠፋል። የስቴቱን ነዋሪ ክፍያ ለማግኘትም አብዛኛው ቦታ 12 ወር መኖር ይጠይቃል። ኤቢኤስኤን ሙሉ ቀን ስለሆነ ሥራ ይዞ አይሆንም፤ የቤት ኪራዩን ማን እንደሚችል ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

እኔ ብሆን የማየው ሌላውን ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ የ2 ዓመቱ የአሶሺየት ነርሲንግ አለ። ሲጨርሱ የሚቀመጡት የዲግሪዎቹም ለሚቀመጡበት ለዚያው ለኤንክሌክስ አርኤን (የነርስ ፈቃድ ፈተና) ነው፤ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ 5 ሰዓት። ፈተናው ከየት እንደመጣሽ አይጠይቅም። ክፍያው በጣም ይቀንሳል፣ ሥራ ከጀመርሽ በኋላ ወደ ዲግሪ ማሳደግ ይቻላል። ጉዳቱ ወረፋው ነው።

ትምህርት ቤት ስትመርጪ የስቴቱ ነርሲንግ ቦርድ ያጸደቀው መሆኑን፣ ሲሲኤንኢ ወይም ኤሲኢኤን የሚባለው እውቅና እንዳለው፣ በመጀመሪያ ሙከራ ስንት በመቶ ኤንክሌክስ እንዳለፈ እዪ። እዚህም «የ18 ወር ባነር» አለ። በፈረንጆቹ ጥር 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርስ ዲፕሎማ የሸጡ ተይዘዋል። ወረቀቱን የገዛው ሰው ገንዘቡን ብቻ አይደለም ያጣው፣ ላይሰንሱም ጠያቂ መጣበት።

ደረሰኝ ያዥ
እዚያም አለ ማለት ነው። ቢያንስ እዚያ ተያዙ።

የሐይቅ ዳር
አሏህ ይስጥልን ሚኒሶታ። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ እዚህ ሁለት ዓመት ተምሬ ከሄድኩ እዚያ ይያዝልኛል?

ሚኒሶታ ወሎዬ
አይያዝም ብለሽ ተነሺ። እንግሊዝኛና ስታትስቲክስ ሊያዝ ይችላል፣ የክሊኒካል ኮርስ ግን ከኢትዮጵያ ተቀብሎ መሀል ላይ የሚያስገባ ትምህርት ቤት ለማግኘት ይከብዳል። ጨርሰሽ ከመጣሽ ሌላ መንገድ ነው፤ ሲጂኤፍኤንኤስ (የውጭ አገር ነርሶችን ሰነድ የሚመረምር ድርጅት፣ አሁን ስሙ ትሩሜሪት ነው) ትራንስክሪፕትሽን ይገመግማል፣ ስቴቱ ደግሞ የሕፃናት፣ የወሊድ፣ የአእምሮ ሕክምና ሰዓት ተሟልቷል ወይ ይላል፤ ካልተሟላ ያንኑ ሞልተሽ ለኤንክሌክስ ትቀመጫለሽ። ወይ ጨርሺው ወይ አትጀምሪው። የሚያከስረው መሀል ላይ መቆም ነው።

ዋርድ 3
እዚህ ከጨረሰች ደግሞ ስትመረቅ ለእያንዳንዱ ክሊኒካል ኮርስ ሰዓቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዲኑ ታጽፍ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቅ ዲኑም ተቀይሮ፣ ሰነዱም ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ለገልፍ ለሚሄዱትም ያው ነው፤ ዳታፍሎው (ሰነድ የሚያጣራው ድርጅት) ኮሌጁን ራሱን ነው የሚጠይቀው፣ ኮሌጁ ካልመለሰ ወረቀቱ እውነተኛ ቢሆንም ማረጋገጫው አይወጣም።

ሰኞ ገበያ
ቆይ ግን በ2004 ዲግሪ ያላቸውን ተቀብለው ሐኪም አላደረጉም? ያው አይደለም?

ዋርድ 3
ያ ለሕክምና ነው፣ ለነርስ አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱም ራሱን የቻለ ነበር።

ክርና መርፌ
ነርሲንግ የምትገቡ ካላችሁ ስክራብ (የሆስፒታል የሥራ ልብስ) አራዳ ካለችው ልብስ ሰፊ አሰፉ፣ ከተዘጋጀው ይበልጣል።

ቦርከና
የሷ ጨርቅ በበረኪና ሁለቴ ሲታጠብ ይነጣል። ፖሊስተር የበዛበትን ምረጡ፣ ቀለሙ ይቆያል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ለደሴ ጭጋግ ደግሞ መድረቁ ነው ቁም ነገሩ።

ክርና መርፌ
ቢነጣም ስፌቱ አይፈታም። እኔ ከሷ ሌላ አላውቅም።

ጦሳ
ደሴ ጤና ሳይንስ ጋዋን በትክክለኛው ልክ ነው የሚያሰፋው።

ሸዋ በር
ጦሳ፣ ከኮሌጁ ደሞዝ አለህ?

ጦሳ
ፍቅር ነው።

ሚኒሶታ ወሎዬ
የሐይቅ ዳር፣ ምን ወሰንሽ? ፕሪሪኩዚቱን ከመጣሽ በኋላ ከሆነ የአውትላይኑን ማህተም አሁኑኑ አስመቺ፤ ከዚህ ሆኖ ማስላክ መከራ ነው።

የሐይቅ ዳር
ነገ ዩኒቨርሲቲው ጋ እሄዳለሁ ኢንሻአላህ። ክርና መርፌ፣ ልብስ ሰፊዋ እሁድ ትከፍታለች?

ክርና መርፌ
ከቀትር በኋላ። ሱሪው ላይ የጎን ኪስ በያት፣ ካልነገርሻት አታወጣም። መቀሱ እዚያ ነው የሚገባው።