ዝናብ ላይ ፎቶ ለምታነሱ፦ መሃል አዲስ አበባ ምን ይገዛል፣ የት ይቆማል?

ሐምሌ ሲገባ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። «ዝናብ ላይ መንገድ ወጥቼ ፎቶ ላነሳ ነው፤ ለካሜራዬ ምን ልግዛለት?» ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ አምስት ክረምት ረጥቤ አንስቻለሁ። ገዝቼ የጣልኩት ዕቃ አለ፤ እስካሁን ከእጄ የማይለይም አለ። ዋጋ አልጽፍም፤ የዛሬው ዋጋ ለሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም። የቱ ከየቱ እንደሚሻል ግን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ። ካሜራ በብዛት የሚበላሸው መንገድ ላይ ሳይሆን ማታ ቤት ውስጥ ነው። እርጥብ ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶበት ያድራል። ክረምት ላይ ደግሞ ቤቱ ራሱ እርጥብ ነው፤ የተሰጣ ልብስ እንኳን ሁለት ቀን ውሎ አይደርቅም። ሌንስ ውስጥ ሻጋታ የሚያድገው እንዲህ ነው። ስለዚህ ብራችሁን መጀመሪያ ለማድረቂያ አውጡ፤ መሸፈኛው ቀጥሎ ይምጣ።

የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ሳጥን ውድ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ሥራ ያቆማል። እኔ የምጠቀመው ክዳኑ ቀጭ ብሎ የሚዘጋ የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ነው። መርካቶም ፒያሳም ሞልቷል። ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ያለበትን ምረጡ። ውስጡ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች አስቀምጡ። አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የምትገኘዋ ትንሽ ነጭ ከረጢት ማለቴ ነው። ጫማ ሻጮችን ጠይቋቸው፤ ብዙዎቹ ስለሚጥሉት በነጻ ይሰጧችኋል። እኔ ወደ ሃያ የሚጠጉ አጠራቅሜያለሁ። ከመክተታችሁ በፊት ባትሪውንና ሜሞሪ ካርዱን አውጡ፣ ካሜራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል አየር ይንካው። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚባለውን ተዉት። ሩዝ እርጥበት የመምጠጥ አቅሙ ደካማ ነው፤ ብናኙ ደግሞ በየቀዳዳው ይገባል። ሌንስም በሶፍት አትጥረጉ፤ ክሩ ይቀርበታል። የመነጽር ጨርቅ ሁለት ሦስት ያዙ። አንዱ መርጠቡ አይቀርም።

ወደ መሸፈኛው እንምጣ። ካሜራ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ የሚገኘው የካሜራ ዝናብ ልብስ ውሃ አያስገባም። ግን አብዛኛው ለረጅም ሌንስ የተሠራ ነው። ትንሽ ሌንስ ላይ ይንዘላዘላል፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያችኋል። ለካፊያ የሻወር ኮፍያ ይበልጠዋል። ጠርዙ ላስቲክ ስለሆነ በአንድ ሰከንድ ይለበሳል፤ ሲፈለግም ወዲያው ይወልቃል። ዶፍ ሲጥል ግን አያዋጣም። ፌስታል ኮሽ ኮሽ ይላል፤ የሚከለክለው አዋጅ ከወጣ ወዲህ ደግሞ እኔም እርግፍ አድርጌ ትቼዋለሁ።

ከሁሉም የምመርጠው ግን ልብስ ሰፊ ጋ ያሰፋሁትን ነው። የተሰበረ ዣንጥላ ጨርቅና ለጠረጴዛ የሚነጠፈውን ጥርት ያለ ላስቲክ ይዤ ሄድኩ። ሰፊው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ካሜራውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት፤ በሜትራቸው ለኩት። ከፊት ለፊት ሌንሱን የሚይዝ የሱሪ ላስቲክ ገጠሙለት። ከኋላ ስክሪኑን እንዳይ በጥርቱ ላስቲክ መስኮት አወጡለት። በቀኝ በኩል እጅ ማስገቢያ ተዉለት። «ስፌቱ ላይ ሻማ ፈትግበት፤ በመርፌው ቀዳዳ ውሃ እንዳይገባ» ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ሦስተኛ ክረምቱን ይዟል። ዣንጥላ ጠጋኞች ጋ ብትጠይቁ ጨርቁን በርካሽ ታገኛላችሁ።

«የኔ ካሜራ ዝናብ ይችላል?» ለምትሉ፦ ብዙዎቻችን የጀመርንባቸው እንደ ካኖን 2000ዲና 4000ዲ ያሉት ውሃ የሚከላከል ጎማ የላቸውም። ካፊያም ቢሆን ሸፍኗቸው። ኒኮን ዲ7200 እና ዲ750፣ ፉጂ ኤክስ-ቲ3 እና ኤክስ-ቲ4 ውሃ እንዳያስገቡ የተሻለ ተዘግተዋል። ግን ሌንሱም አብሮ መዘጋት አለበት። ፉጂ እንዲህ ያሉ ሌንሶቹ ላይ «ደብልዩ አር» ብሎ ይጽፋል። ሁላችንም የምንወዳት የካኖን 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ አልተዘጋችም።

በስልክ ለምታነሱ፣ ስልኩ ውሃ የመቋቋም ደረጃው አይፒ67 ነው ከተባለ፣ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹህ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ተፈትኗል ማለት ነው። የሚፈተነው ግን አዲሱ ስልክ ነው። ስክሪኑ ከተቀየረ በዚያ ቁጥር አትተማመኑ፤ ከመካከላችን ስክሪን ያላስቀየረ ደግሞ ጥቂት ነው። ስክሪን ሲረጥብ ጣት አይታዘዝም፤ በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ አንሱ። ስልክ አትናቁ። ፎቶ አንሺው ግርማ በርታ የአዲስ አበባን ጎዳና በስልኩ እያነሳ ነው በ2016 እ.ኤ.አ. የፎቶ ድርጅቱን የጌቲንና የኢንስታግራምን ሽልማት ያገኘው።

ለራሳችሁ ልብስ፣ መንገድ ላይ የሚሸጠው ስስ የላስቲክ ዝናብ ልብስ ለአንድ ቀን ነው፤ ብብቱ ይቀደዳል። መርካቶ ሰልባጅ ውስጥ የተራራ መውጫ ጃኬት ፈልጉ። ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። ስፌቱ ላይ እንደ ፕላስተር ያለ ጥብጣብ ከተለጠፈ ውሃ እንዲከላከል የተሠራ ነው። ጥብጣቡ ከተላጠ ተዉት። እኔ እንዲህ ያለውን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ አልቆጨኝም። ታጣፊ ትንሽ ዣንጥላ የመስቀል አደባባይ ንፋስ ይገለብጠዋል። እጀታው ቆልማማ የሆነውን ረጅሙን ያዙ፤ ክንዳችሁ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሁለት እጃችሁ ነጻ ይሆናል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ የት እንቁም?

ዝናብ በፎቶ ላይ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ነው። ጀርባችሁን ለብርሃኑ ከሰጣችሁ ጠብታው ይጠፋል። ወደ መኪና መብራት ዙሩ። ጠብታው ቆሞ እንዲታይ የሹተሩን ፍጥነት 1/500 ሰከንድ አድርጉት፤ እንደ ክር እንዲረዝም ከፈለጋችሁ ወደ 1/60 አውርዱት። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ቢደርስም አትፍሩ።

ከሁሉ የምመርጠው የባቡሩ ድልድይ ሥር ነው። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከስታዲየም በለገሃር አድርጎ እስከ ሜክሲኮ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ ነው የሚሄደው። ሥሩ ደረቅ ነው። ከድልድዩ ጠርዝ ውሃው እንደ መጋረጃ ሲወርድ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሰው ይሮጣል። አንዱ ጃኬቱን ጭንቅላቱ ላይ ይጎትታል፤ ሌላዋ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ትይዛለች። እናንተ አትረጥቡም፤ ካሜራውም አይረጥብም። ጣቢያው ላይ ወጥታችሁ ማንሳት ከፈለጋችሁ ግን መጀመሪያ ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ።

ፒያሳ ድሮ ለዝናብ ትመች ነበር። በ2016 ዓ.ም ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ የሚያስጠልል በረንዳ አንሷል፤ ያ ሆዴን ይበላኛል። በምትኩ ሰፊው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሲረጥብ የመብራቱን ነጸብራቅ ይሰጣል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ያሉትን ሃያ ደቂቃዎች ተጠቀሙባቸው። ሐምሌ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው፤ ከዚያ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሰማዩ ሰማያዊ፣ መንገዱ ቢጫ ይሆናል።

አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ በፍልሰታ ሰሞን፣ ከነሐሴ 1 እስከ 16፣ ምእመናን ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው በየዓይነቱ ቀለም ዣንጥላ ሥር ይሄዳሉ። ቀይ ዣንጥላ ነጠላውንና ፊቱን ቀይ ያደርገዋል። ከግቢው ውጭ፣ ራቅ ብላችሁ አንሱ። ለጸሎት የመጣን ሰው ፊቱ ላይ ካሜራ አትደግኑበት።

መኪና ውስጥ ሆኖ ለማንሳት፣ የሚኒባስ ጋቢና ከሁሉም ይበልጣል። የፊት መስታወቱ ሰፊ ነው፤ መጥረጊያው ሲያልፍ መንገዱ ለአንድ አፍታ ጥርት ይላል። ሾፌሩን አስፈቅዱት፤ እስከ ዛሬ እምቢ ያለኝ አንድ ብቻ ነው። ሸገር ባስ መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ዣንጥላ ከላይ ለማንሳት ይመቻል፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ግን ክርን ማንቀሳቀሻ የለም። በስልክ የሚጠራው ታክሲ ምቾት አለው፣ ሒሳቡ ግን ቁጭ ባላችሁ ቁጥር ይሄዳል።

ጥገና ላይ ተጠንቀቁ። ከሦስት ዓመት በፊት ሌንሴን ሻጋታ እንዲያጸዱልኝ አንድ ቤት ሰጠሁ። ሲመለስልኝ አንድ ብሎን ጎድሎታል፣ ፎከሱም ይንገጫገጫል። ደረሰኝ ስላልተቀበልኩ የምከራከርበት አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ሌንስ የምሰጠው ፊቴ ፈትቶ ለሚያሳየኝ ባለሙያ ብቻ ነው። ተከታታይ ቁጥሩን ይጻፍላችሁ፤ ከመስጠታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። ካሜራ የምትከራዩም ብትሆኑ «ዝናብ ላይ ላወጣው ነው» ብላችሁ ከፊት ተናገሩ። ከረጠበ ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ተስማሙ።

አንድ ልመና አለኝ። ክረምት ለሁሉም ሰው አይመችም። ላስቲክ ለብሶ ጎዳና ላይ የተኛን ሰው፣ ተነክሮ የሚንቀጠቀጥን ልጅ አታንሱ። ካሜራውን አስቀምጡና ዣንጥላውን ዘርጉለት።

ማንን እናንሳ ላላችሁኝ፣ በቆሎ ጠባሾችን። አመሻሽ ላይ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንዲት እናት ከሰሏን በዣንጥላ ጋርዳ ትጠብስ ነበር። እሸት ገዛሁና «እናቴ፣ አንድ ፎቶ ላንሳሽ?» አልኳት። «ቆይ ልጄ፣ እሳቱን ላራግበው» አለችና በካርቶን ቁራጭ አራገበችው። ፍሙ ሲቀላ ፊቷና የዣንጥላው ውስጥ አብረው ቀሉ። ከኋላዋ ዝናቡ በመኪና መብራት ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ፎቶውን አሳትሜ በሳምንቱ ወሰድኩላት። ቀደም ብዬ በተራ ወረቀት አሳትሜው ነበር፤ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ለቀቀ። ስለዚህ ለሰው የምትሰጡት ከሆነ ፎቶ ቤት በፎቶ ወረቀት አሳትሙት፣ በላስቲክም አስለብጡት።