የኤሌክትሪክ ምጣዴ ኃይል ማታ ምን ያህል ይቀንሳል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ። ጠዋት የምጋግረው እንጀራ ዓይኑን አውጥቶ ይበስላል፤ አመሻሽ ላይ ግን የሰፈሩ ምጣድና ምድጃ ሁሉ ስለሚሠራ መሰለኝ፣ ሊጡ ቶሎ አይበስልም። አንድ ባለሙያ ምጣዱ እየሠራ ሳለ ጠዋት 209 ቮልትና 15.2 አምፒር ለካልኝ፤ ማታ ደግሞ ሶኬቱ ላይ 176 ቮልት ብቻ አግኝቶ ከረንቱን ሳይለካ ሄደ። እኔም 176ን በ15.2 አባዝቼ 2,675 ዋት አገኘሁ። ከጠዋቱ 3,177 ዋት ያን ያህል ስለማያንስ እንጀራው ላይ የማየውን ልዩነት አላስረዳ አለኝ። የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው?

መላሽ፣ የፊዚክስ መምህር፣ ከመሐል ሜዳ፦
እህቴ፣ ኃይል የቮልቴጅና የከረንት ብዜት መሆኑን በትክክል ይዘዋል፤ ስሕተቱ የጠዋቱን ከረንት ለማታው መዋስዎ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንትም አብሮ ይወርዳል። ሳይለወጥ የሚቆየው የምጣዱ ጥቅል ሽቦ ሬዚስታንስ (ሽቦው ከረንትን የሚቋቋምበት፣ በኦም የሚለካ መጠን) ሲሆን፣ እሱም 209 ለ15.2 ሲካፈል 13.75 ኦም ነው። ስለዚህ የማታው ከረንት 176 ለ13.75 ተካፍሎ 12.8 አምፒር፣ ኃይሉም 2,253 ዋት ይሆናል። ቮልቴጁ የቀነሰው 16 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ ኃይሉ የሚከተለው የቮልቴጁን ስኩዌር (በራሱ የተባዛውን) ስለሆነ 29 በመቶ ያህል ወርዷል። (ይህን ስሌት በባለ ክር አምፖል ላይ አይሞክሩት፤ የአምፖሉ ክር ሲግል ሬዚስታንሱ ከቀዝቃዛው ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። የምጣድ ሽቦ ግን ለውጡ ትንሽ ነው።)

መላሽ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
የመምህሩ ስሌት ትክክል ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን 176 ቮልቱ የተለካው ሶኬቱ ላይ መሆኑ ነው። ምጣዱ እየሠራ ቆጣሪው ጋ ስንት ቮልት እንዳለ ባለሙያው ይለካልዎት፤ የሽቦውን ውፍረትና ርዝመትም ይንገሩን።

ጠያቂ፦
ትናንት ማታ ቆጣሪው ጋ 190፣ ሶኬቱ ላይ እንደገና 176 ሆነ። ሽቦው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ነው፤ ርቀቱ 20 ሜትር ያህል ነው።

መላሽ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
እንግዲያው 14 ቮልት ቤትዎ ውስጥ እየጠፋ ነው። 14 ለ12.8 ሲካፈል 1.09 ኦም ይሆናል፤ ሽቦው ደርሶ መልስ 40 ሜትር ቢቆጠር እንኳ ሊኖረው የሚገባው 0.28 ኦም ገደማ ብቻ ነው። የቀረው 0.8 ኦም ያለው አንድ የላላ ወይም የተቃጠለ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ 12.8 በራሱ ተባዝቶ በ0.8 ሲባዛ እዚያች ትንሽ ቦታ ላይ 131 ዋት ሙቀት ይወጣል ማለት ነው። ይህ ቤት ሊያቃጥል ይችላልና እስኪጠገን ድረስ ምጣዱን አይሰኩት፤ ባለሙያውም ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ሳይዘጋ ምንም እንዳይከፍት አደራ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሶኬቱ ሲፈታ አንደኛው ማሰሪያ ብሎን ላልቶ፣ የሽቦው ጫፍ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩም ቀልጦ ተገኘ። ጫፉ ተቆርጦ ሶኬቱ ተቀየረ። ዛሬ ማታ ቆጣሪው ጋ ያው 190 ቢሆንም ሶኬቱ ላይ 186 ቮልት አለ፤ በመምህሩ ስሌት 2,516 ዋት ገደማ አገኘሁ።