የቲገር ድምፅ የሆነው ሰውዬ ሰው ሠራሽ ልብ ሠርቷል የሚባለው እውነት ነው?

የሽምብጧ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የእህቴ ልጆች ያንን በጅራቱ የሚዘለውን የካርቱን ነብር፣ ቲገርን፣ ከከፈቱ ቴሌቪዥኑን የሚነካባቸው የለም። አብሬያቸው ሳይ ድምፁ በጣም ገረመኝ። ማን ነው ብዬ ስፈልግ ፖል ዊንቸል የሚባል አሜሪካዊ ኮሜዲያን ሆኖ አገኘሁት። ሰው ሠራሽ ልብም ፈልስፏል ይላል። እውነት ነው ወይስ ወሬ? እኔ ለልጆች ተረት በስልኬ እቀዳለሁ፣ ስለ ድምፅ አሠራርም የምታውቁ ጻፉልኝ።

ካርቱን ወዳድ፦
ሰውዬውን ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ድምፁን ያልሰማ የለም። እ.ኤ.አ. በ1922 ኒው ዮርክ ነው የተወለደው። ልጅ ሆኖ ፖሊዮ ያዘው፣ ይንተባተብም ነበር። በዚህ ላይ ነው እንግዲህ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አሻንጉሊት ማናገር የተማረው። በ1938 በሬዲዮ የአማተሮች ውድድር አሸነፈ፣ ከዚያም ጄሪ ማሆኒ የሚባለውን የእንጨት አሻንጉሊቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በቴሌቪዥን እያሳቀ ዓመታት ኖረ። ቲገርን የጀመረው በ1968 ነው። የስመርፎቹ፣ የእነዚያ ትንንሽ ሰማያዊ የካርቱን ፍጡራን፣ ጠላት ጋርጋሜልም እሱ ነው! አንዱን ልጆች ይወዱታል፣ አንዱን ይፈሩታል፣ ጉሮሮው አንድ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የልጆች ፕሮግራሙ ነገር ነው። ከቴሌቪዥን ኩባንያው ጋር በባለቤትነት ተጣሉና ቴፖቹን አጠፉበት። ከሶ በ1986 17.8 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት፣ ፕሮግራሙ ግን ጠፍቶ ቀረ።

ነርስ ነኝ፦
የልቡ ነገር እውነት ነው። በ1963 ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ፣ አግኝቶበታል። የረዳው ዶክተር ሄንሪ ሃይምሊክ ነው፣ ምግብ ሲያንቅ ሆድ ተጭኖ የማስወጣቱ ዘዴ በስሙ የሚጠራው። በኋላ ፓተንቱን ለዩታ ዩኒቨርሲቲ ሰጠው። በ1982 ጃርቪክ 7 የተባለው ልብ ለሰው የተገጠመው እዚያው ነው። ከዊንቸል ሐሳብ ምን ያህሉ ገብቶበታል የሚለው ግን አከራካሪ ነው፣ ሃይምሊክ መሠረቱ አንድ ነው ይል ነበር፣ ልቡ በስሙ የተጠራለት ሮበርት ጃርቪክ ግን አይቀበልም ነበር።

ዓሣ በጣና፦
ማንም ያላነሳውን ልጨምር። ይሄ ሰውዬ የአፍሪካ መንደሮች ቴላፒያ እንዲያረቡ ገንዘብ ይሰጥ ብሎ የአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀርቧል። ቴላፒያ ማለት እኮ የኛው ቆሮሶ ነው! እኔ ቆሮሶ እየገፈፍኩ ነው የምውለው፣ ቅርፊቱ እጄ ላይ ደርቆ ይቀራል፣ ስለዚህ ነገሩ ልቤን ነካው። ዓሣውን በትክክል ነው የመረጠው። ቆሮሶ ሥጋ ካልበላሁ አይልም፣ ከውሃው ላይ አረንጓዴውን እየለቀመ ያድጋል፣ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምትፈለፍል ጫጩቱ በቀላሉ አያልቅም። ሞቅ ያለ ኩሬ ካገኘ ይራባል። ኮሚቴው ገንዘቡን ከለከለ። ቢፈቅዱለት ኖሮ ዛሬ ስንት መንደር ዓሣ በበላ ነበር።

የሽምብጧ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ የዓሣውንስ በፍጹም አልጠበቅሁም። ድምፅ የምትሠሩ የላችሁም? ጦጣና አያ ጅቦ ሲነጋገሩ ድምፃቸው ይመሳሰልብኛል።

ማይክ፦
እህቴ፣ አያ ጅቦን በማወፈር ብቻ አትለዪው፣ ጉሮሮሽ ይደክምና መሃል ላይ ይከዳሻል። ዊንቸልን ከጄሪ ማሆኒ ጋር ሲያወራ ፈልገሽ እይው። አሻንጉሊቱ ፈጣንና ደፋር ነው፣ እሱ ራሱ ረጋ ይላል፣ የሚለያቸው ፍጥነቱና ትንፋሹ ነው። መጀመሪያ የጦጣዋን ንግግር ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅጂ፣ ቶሎ ቶሎ እያልሽ። ከዚያ ውሃ ጠጪና የጅቡን ቁጭ ብለሽ፣ ከየቃሉ በፊት እየተነፈስሽ ቅጂ። በኋላ ስልክሽ ላይ ቆራርጠሽ አገናኚው። አንዱን ተረት እዚህ ለጥፊልንና እንስማው።